ስብሰባ ቢሄዱም ቢሯቸው የማይዘጋ ኃላፊ፦ ደሴ ጉዳይ ላላችሁ ሁሉ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ዝም ብል ግፍ ይሆንብኛል።

ወንድሜ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ግቢ ነው የተማረው። አሳድጌ ያስተማርኩት እኔ ነኝ፣ ውጫሌ ላይ ሻይና ቡና እየሸጥኩ። ሊመረቅ ሲል የአንድ ኮርስ ውጤት አልገባም ተባለ። ያስተማረው መምህር ለትምህርት ውጭ ሄዷል። ውጤቱ ካልገባ ደግሞ ስሙ ለሴኔት በሚቀርበው የተመራቂዎች ዝርዝር ውስጥ አይኖርም። እኛ ደግሞ ልብስ አሰፍተናል፣ ዘመድ ጠርተናል።

እውነቱን ልናገር፣ ወደ ደሴ ስሄድ ተስፋ አልነበረኝም። የራሴ ጠባሳ አለብኛ! ቦታውን አልጠራም። ድሮ ከተማርኩበት ተቋም ትራንስክሪፕት ለማውጣት ያየሁትን ጠላቴም አይየው። ስሄድ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ኃላፊው ሲገኙ ሲስተም የለም። ሲስተሙ ሲመጣ ቲተሩን ቆልፋ የያዘችው ልጅ የዓመት ፈቃድ ወጥታለች። አንድ ቲተር መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ የስንቱ እንጀራ ይታገታል? ፋይሌ በስንት ልመና ሲገኝ የሌላ ሰው ጉርድ ፎቶ ተለጥፎበት አገኘሁት። ስናገር ደግሞ እኔው ተቆጪ ተባልኩ፣ "አትጩሂብን" አሉኝ። የተወዳደርኩበት ሥራ በዚያው አመለጠኝ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። ሻይ ቤት የከፈትኩት ከዚያ በኋላ ነው። ይሁን፣ እሱም አበላን።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የትምህርት ክፍሉን ኃላፊ ያገኘናቸው ቢሮ ቆልፈው ሊወጡ ሲሉ ነው። አዲስ አበባ ለስብሰባ ሊሄዱ መኪና ይጠብቃቸዋል። በልቤ "ይኸው፣ ያቺ ስብሰባ መጣች" አልኩ።

እሳቸው ግን ቁልፉን መልሰው ከፈቱ። "እትዬ፣ ይቀመጡ" አሉኝ። ወንድሜን ጠየቁት። ስለ ፈተና ወረቀት፣ ስለ ፎርም፣ ስለ አካዳሚክ ኮሚሽን ብዙ ተባባሉ። እኔ አንዱም አልገባኝም። ያየሁትን ልንገራችሁ። ሹፌሩ እየደወለ ኮምፒውተሩን ከፍተው የውክልና ደብዳቤ ጻፉ። እስኪመለሱ ድረስ የክፍሉን ጉዳይ ሌላ መምህርት እንድትፈርም ወከሉ። ፈረሙ፣ ቲተር መቱ፣ ለዲኑና ለሬጅስትራሩ ግልባጭ አደረጉ። ከዚያ መምህርቷን አስጠርተው ከወንድሜ ጋር ፊት ለፊት አገናኟቸው። "እኔ ብሄድም ቢሮው እዚሁ ነው። አብሽሩ" ብለው ወጡ።

በቃል ብቻ "ይፈጸማል" ቢሉኝ ኖሮ አላምናቸውም ነበር። የውጫሌ ልጅ ነኝ። በ1881 ዓ.ም. እኛ ጋ የተፈረመው ውል እንኳ ምን እንዳመጣ ታውቃላችሁ።

በማግስቱ ስልክ ተደወለ። እሳቸው ናቸው፣ ከአዲስ አበባ። "ውጤቱ ገባ?" ነው ያሉት። ሰው በስብሰባ መሃል የሻይ ሻጭ ወንድም ጉዳይ ያስታውሳል እንዴ? ስልኩን ይዤ እንባዬ መጣ። ምን እንደመለስኩ እንኳ አላስታውስም፣ ብቻ መርቄያቸዋለሁ።

ውጤቱ ገባ። ልጁ ተመረቀ።

ወንድሜ እንደሚለው እነዚህ ኃላፊዎች ቢሮ ይዘውም ክፍል ገብተው ያስተምራሉ፣ ፈተና ያርማሉ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ያማክራሉ። እኛ የምናየው ፊርማቸውን ብቻ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ያ ዩኒቨርሲቲ እንዴት እንደተዘረፈ ደሴ የነበረ ሁሉ ያውቃል። ተመልሶ ልጆቻችንን ማስተማሩ እንዲህ ያሉ ሰዎች ስላሉበት ይመስለኛል። ክብር ይስጣቸው። ተወክላ የፈረመችውንም መምህርት አላህ ያክብርልኝ፣ ፊቷን አጥቁራ አላየኋትም።

ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ ሙገሳ የሚወዱ ሰው አይመስሉኝም። የጨነቀው ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ የትኛው ትምህርት ክፍል እንደሆነ እነግረዋለሁ። በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ ኃላፊዎችም ብትሰሙኝ፣ ስብሰባ ስትሄዱ ሰው ወክላችሁ ሂዱ። እባካችሁ!

ለምትሄዱ፣ ጉዳያችሁን በጽሑፍ ይዛችሁ በጠዋት ድረሱ። አርብ ከሆነ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ምሳና ሶላት ስለሆነ ከዚያ በፊት ቅደሙ። የኮስት ሼሪንግ ዕዳ ያለባችሁ ደግሞ ኦሪጅናል ዲግሪ ስጡኝ ብላችሁ እሳቸውን እንዳታስቸግሩ፣ የሳቸው ሥራ አይደለም። በተረፈ "የሉም" ብትባሉ እንዳትመለሱ። ማን እንደተወከለ ጠይቁ።