የውስጠኛው ክርን ሕመም፦ ማሰሪያ፣ እጅጌ ወይስ ላስቲክ ዱላ?

እርጥብ ፎጣ ስትጨምቁ ክርናችሁን በውስጥ በኩል፣ ጎላ ያለችው አጥንት ላይ፣ ወጋ ያደርጋችኋል? ሙሉ ማንቆርቆሪያ ስታነሱስ? ሰው ጠበቅ አድርጎ ሲጨብጣችሁስ? እንግዲያው የያዛችሁ «የጎልፍ ተጫዋቾች ክርን» የሚባለው ሳይሆን አይቀርም። ስሙ አይሸውዳችሁ። አብዛኛው ታማሚ የጎልፍ ዱላ ጨብጦ አያውቅም። አናጺውንም፣ ቧንቧ ሠራተኛውንም፣ ጂም የሚያዘወትረውንም ይይዛል። እኔን የያዘኝ ቁም ሣጥን ስገጣጥም ነው፤ ሁለት ቀን ሙሉ ካቻቢቴ ሳሽከረክር።

በመጀመሪያው ወር አራት ዕቃ ገዛሁ። ሁለቱ ዛሬም መሳቢያ ውስጥ ተኝተዋል። እናንተም በጭፍን እንዳትገዙ ላነጻጽራቸው።

መጀመሪያ ግን አንድ ነገር። የእጅ አንጓንና ጣቶችን ወደ መዳፍ የሚያጥፉት ጡንቻዎች፣ ክንድን ወደ ውስጥ የሚያዞረውም ጭምር፣ በጅማት የሚያያዙት እዚያችው አጥንት ላይ ነው። ሕመሙ ሲከርም ጉዳዩ ብግነት (የቆጣ እብጠት) መሆኑ ይቀርና የጅማቱ ክሮች መዛነፍና መድከም ይሆናል። ስለዚህ ገበያ ላይ ያለው ዕቃ ሁለት ወገን ነው፦ ሕመም የሚያስታግስና ጅማት የሚያጠነክር። ሻጮች ግን ሁለቱንም «ያድናል» ብለው ነው የሚሸጡላችሁ።

ማሰሪያ ወይስ እጅጌ?

ማሰሪያ የምለው ጠባቡን፣ በክንድ ዙሪያ ተጠምጥሞ በቬልክሮ የሚጣበቀውን ነው። እጅጌው ደግሞ ጫፉ የተቆረጠ ካልሲ የሚመስለው፣ ክርኑን አልፎ የሚለበሰው።

እጅጌው ሰፊ ስለሆነ የተሻለ ይመስላል። እኔንም ሸውዶኛል። የሚሰጠው ሙቀትና ቀላል ጫና ነው፤ ከዚያ ብዙም አያልፍም። ማሰሪያው ግን ጡንቻውን ከአጥንቷ ዝቅ ብሎ ስለሚጫነው፣ ስትጨብጡ ወደ ጅማቱ የሚደርሰውን ጉተታ ቀነስ ያደርገዋል። ዕቃ የሚያነሳ ወይም መሣሪያ የሚጨብጥ ሰው ማሰሪያውን ይግዛ። እጅጌው መሳቢያ ውስጥ ካሉት አንዱ ነው።

ማሰሪያውም በትክክል ካልታሰረ ዋጋ የለውም። ብዙ ሰው የሚያስረው ያመመው አጥንት ላይ ነው። እኔም አንድ ሳምንት ሙሉ እንዲያ አሰርኩት፣ ጭራሽ ባሰብኝ። ቦታው እንዲህ ይገኛል። መዳፋችሁን ወደ ላይ አዙሩ። በሌላው እጃችሁ ከአጥንቷ ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወደ አንጓው ዝቅ በሉ። አሁን ጨብጡ። ከጣታችሁ ሥር ጠጠር ብሎ የሚነሳው ጡንቻ ላይ ነው የማሰሪያው ትራስ (ወፈር ያለው ክፍሉ) የሚያርፈው። ማሸጊያው ላይ ያለውን ሥዕል አትመኑ፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው የውጭውን ጎን፣ «የቴኒስ ክርን» የሚባለውን ነው። ስለዚህ ትራሱ ወደ ውስጥ ጎን የሚዞር መሆኑን አረጋግጡ። ከተፈቀደላችሁ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሞክሩት፦ አንድ ከበድ ያለ ነገር መጀመሪያ ሳታስሩ፣ ቀጥሎ አስራችሁ አንሡ። ልዩነት ካልተሰማችሁ ገንዘባችሁን ያዙ። ስትተኙ አውልቁት፤ ጣታችሁን ካደነዘዘው አላሉት።

አንጓን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ደጋፊ ደግሞ አለ። እጁን አጥፎ ለሚያድር ሰው ለሌሊት ይጠቅማል። ቀን ከሌት ከለበሳችሁት ግን ጡንቻው ይሰንፋል።

ላስቲክ ዱላ ወይስ ዳምቤል?

ገንዘቡ መውጣት ያለበት እዚህ ጋ ነው። ጅማት የሚጠነክረው ቀስ በቀስ ጭነት ሲለምድ ነው፤ ማሰሪያም ቅባትም ይህን አይተኩም።

ላስቲክ ዱላው 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው፣ እንደ ፎጣ የሚጠመዘዝ ወፍራም ላስቲክ ነው። በታወቀው የቴራባንድ ሥሪት ቀዩ ቀላል፣ አረንጓዴው መካከለኛ፣ ሰማያዊው ከባድ ነው። ከቀዩ ጀምሩ። ጉራ አያስፈልግም፤ እኔ በሰማያዊው ጀምሬ ለሦስት ቀን በር መክፈት አቃተኝ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ያመመው እጅ ዱላውን ጨብጦ አንጓውን ወደ መዳፍ በኩል ያጥፋል። ደህናው እጅ ሌላውን ጫፍ ይዞ ይጠመዝዛል። ሁለቱን ክንዶች ወደ ፊት ዘርጉ። ከዚያ ያመመው እጅ ብቻ፣ ቀስ እያለ፣ አንጓውን ወደ ኋላ እየለቀቀ ጥምዝዙን ይፍታ። በ15 ድግግሞሽ 3 ዙር። ለቴኒስ ክርን የሚሠራው የዚህ ግልባጭ ነው፤ ቪዲዮ ስታዩ የትኛው እንደሆነ ልብ በሉ።

ዳምቤሉ፣ ማለትም በአንድ እጅ የሚነሳው የስፖርት ክብደት፣ ሌላ ጥቅም አለው፦ ጭነቱ ስንት ግራም እንደሆነ ታውቃላችሁ። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አጋድማችሁ፣ መዳፉን ወደ ላይ፣ እጃችሁን ከጠርዙ ውጭ አድርጉ። በደህናው እጅ እያገዛችሁ አንሡት፤ ስታወርዱት ያመመው እጅ ብቻውን እስከ አራት እየቆጠረ ያውርድ። 1 ኪሎ ለመጀመሪያ ይበቃል። ካልገዛችሁም ውኃ የሞላ ጠርሙስ ይሠራል።

ለእኔ ዱላው አሸንፏል፤ ቦርሳ ውስጥ ይገባል፣ የትም ይሠራል። ግን ሁለቱም የሚዘሉት አንድ ነገር አለ፤ ክንድ የሚያዞረውን ጡንቻ። ለእሱ መዶሻ ያዙ፦ እጀታውን ከጫፉ ጨብጣችሁ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቀስ አድርጋችሁ አጋድሉት። ቤት ያለው መዶሻ ስለሚበቃ ለዚህ የተለየ ዕቃ አትግዙ።

ስትሠሩ ትንሽ ቢያማችሁ አትደንግጡ። ከ0 እስከ 10 ብትለኩት 3 ወይም 4 የሚደርስ ሕመም፣ በማግሥቱ ወደ ነበረበት ከተመለሰ፣ ችግር የለውም። ካልተመለሰ ጭነቱን ቀንሱ። ለውጡ በሳምንታት፣ ሙሉ መዳኑ በወራት ነው የሚቆጠረው።

ጄል ወይስ መርፌ?

የዳይክሎፌናክ ጄል ሕመም ያስታግሳል፤ ሆድና ኩላሊት ላይ ያለው ጣጣም ከእንክብሉ ያነሰ ነው። በረዶም እንዲሁ ለጊዜው ያደነዝዛል፣ ያ ብቻ።

ኮርቲዞን መርፌ የሚያጓጓ ነው፤ ለጥቂት ሳምንታት ሕመሙን ጸጥ ያሰኛል። ሦስት ወር አካባቢ ሲሆን ግን ከተወጉትና ካልተወጉት ማን እንደሚሻል መለየት ያስቸግራል። ሌላም አለ፦ የተወጋው ቦታ ቆዳው ሊነጣና ሊሰረጉድ ይችላል፤ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ደግሞ በደንብ ይታያል። ከራስ ደም ተዘጋጅቶ የሚወጋው ፒአርፒ ውድ ነው፤ የጥናቶቹም ውጤት የተደበላለቀ ነው። ቀዶ ጥገና የሚነሳው ከ6 እስከ 12 ወር በትጋት ተሠርቶ አልሆነም ሲባል ነው።

የቀለበት ጣታችሁና ትንሿ ጣታችሁ የሚደነዝዙ ወይም የሚነዝሩ ከሆነ ግን ከላይ ካሉት አንዱንም አትግዙ። ክርን ሲመታ ኤሌክትሪክ እንደያዘው የሚነዝረን ነርቭ የሚያልፈው ከዚያችው አጥንት ጀርባ ነው፤ ጥብቅ ማሰሪያ ሊያባብሰው ይችላል። ዕቃ አንሥታችሁ ድንገት «ጧ» ብሎ ከተሰማችሁና ክርኑ ከበለዘም እንደዚያው። መጀመሪያ ሐኪም ይየው።