በኪስ መዝገበ ቃላት ውስጥ «ራን» የሚለው ግሥ

በደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ መጻሕፍት አዟሪዎች የሚሸጡት የእንግሊዝኛ–አማርኛ የኪስ መዝገበ ቃላት፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርታቸውን በእንግሊዝኛ ለሚከታተሉ ተማሪዎች የታሰበ ነው። ጥራዙ በክር የተሰፋ በመሆኑ ቶሎ አይበታተንም፤ ፊደሉ ግን ከመድቀቁ የተነሣ ማታ በአምፖል ብርሃን ለማንበብ ያስቸግራል።

መዝገበ ቃላት የሚፈተነው ብርቅ በሆኑ ቃላት ሳይሆን ዘወትር በሚነገሩ አጫጭር ግሦች ነው ብዬ ስለማምን፣ በመጀመሪያ የገለጥሁት «ራን» የሚለውን ነው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ለዚህ ግሥ 645 ፍቺዎች ቆጥረውለታል። ከኪስ መጽሐፍ ይህን ያህል የሚጠብቅ የለም። ይሁንና ይህኛው «ሮጠ፣ ፈሰሰ፣ ሠራ፣ አስተዳደረ» ብሎ በነጠላ ሰረዝ ደርድሮ ያልፋል እንጂ፣ የትኛው ፍቺ ከየትኛው ባለቤት ጋር እንደሚሄድ የሚያሳይ አንድም ዐረፍተ ነገር አልሰጠም። ስለዚህ የበሬሳ ወንዝ ሲፈስስ፣ ጄኔሬተር በናፍጣ ሲሠራና ነጋዴ ሱቁን ሲያስተዳድር እንግሊዝኛው ይህንኑ ግሥ እንደሚጠቀም አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው ከዝርዝሩ የሚጠቀመው፤ እርሱ ደግሞ መጽሐፉን መግዛት አያስፈልገውም። ብርድ ልብስ ሲታጠብ ቀለሙ መልቀቁ፣ ዕጩ ለምርጫ መወዳደሩ፣ መንገድ ከከተማ ከተማ መዘርጋቱ ጨርሶ አልተነኩም።

ግሡ ከመስተዋድድ ጋር ሲጣመር ጉድለቱ ይብሳል። «ራን አውት ኦፍ» አለቀበት ማለት መሆኑን ያልተነገረው ተማሪ፣ ስኳር ያለቀበትን ባለሱቅ ከስኳሩ ውስጥ ሮጦ ያስወጣዋል። «ራን ኢንቱ» ድንገት መገናኘትንም መጋጨትንም ይገልጻል፤ እርሱም የለም።

አነባበቡን በአማርኛ ፊደል ማስፈሩ ለጀማሪ ይረዳል፤ የአሁኑንም ያለፈውንም ጊዜ እኩል «ራን» ብሎ መጻፉ ግን ያሳስታል። ድምፆቹን በፊደላችን መለየት ቀላል አይደለም፤ ቢሆንም ያለፈው ጊዜ አናባቢ በ«ራ» እና በ«ሬ» መካከል እንደሚውል በአንድ መስመር ማስታወስ ይቻል ነበር።

የስሞች ክፍል ሚዛኑን በመጠኑ ያነሣለታል። የእህልና የእንስሳት ስሞች በጥንቃቄ ተተርጉመዋል፤ ገብስንና አጃን እንኳ አላምታታም። በዚህ ምክንያት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ተማሪ ሳላመነታ እገዛለታለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ለደረሰ ግን ለቋንቋው ተማሪዎች የተዘጋጀና ምሳሌ ዐረፍተ ነገር ያለው የእንግሊዝኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት፣ ያገለገለም ቢሆን፣ ይሻለዋል። አዟሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ስለሚይዙ፣ ከመክፈል በፊት ይህንኑ ግሥ ጎን ለጎን ገልጦ ማመሳከር ይቻላል።