ባሕር ዳር ካምቢዮ የምታሠሩ ተጠንቀቁ፦ አሮጌ ቶርክ ኮንቨርተር ቀለም ተቀብቶ በአዲስ ዋጋ ተሸጦልኛል

ንዴቴ ሳይበርድ ልጻፈው። የጋራዡን ስም አልጠራም፤ ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ፦ በሩ ላይ «በዋስትና እንሠራለን» የሚል ጽሑፍ፣ ባለቤቱ ወንበር ላይ፣ ልጆቹ መኪና ሥር፣ ሥራው ሁልጊዜ «ነገ ያልቃል»።

የኮሮላዬ አውቶማቲክ ካምቢዮ ፍሪሲዮኖቹ (እየተጣበቁ ኃይል የሚያስተላልፉት ዲስኮች) ተቃጥለው፣ ዘይቱም ጠቁሮ ነበር። ካምቢዮው ሲታደስ ቶርክ ኮንቨርተሩ፣ ማለትም የሞተሩን ኃይል በዘይት አማካይነት ለካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክብ ዕቃ፣ በአዲስ እንዲቀየር ተስማማን፤ ለእሱ ብቻ 38,000 ብር ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይም «ተቀይሯል» ይላል። ወደ ጎንደር ስጓዝ ሐሙሲትን ሳላልፍ መኪናዋ ደህናው አስፋልት ላይ ትንቀጠቀጥ ጀመር። ቀጥሎ ሞተሩ ይጮኻል፣ እርሷ አትንቀሳቀስም። በጭነት መኪና አስጭኜ መለስኳት።

ካምቢዮው እንደገና ሲወርድ ከአጠገባቸው ንቅንቅ አላልኩም። አንዱ ልጅ ቶርክ ኮንቨርተሩን ስቦ አወጣው። ብርማ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል። ጠርዙን በአውራ ጣቴ ፈተግ ሳደርገው ቀለሙ ተላጠ፤ ከሥሩ ዝገት፣ ከብሎን ማሰሪያው አጠገብም ጭረት ብቅ አለ። መጀመሪያ ሲወርድ ፎቶ ያነሣሁት፣ ያው የራሴ ጭረት! ልጁ ዘንበል ሲያደርገው ከአንገቱ ጥቁር ዘይት ሳፋው ውስጥ ተንዶለዶለ፤ የቃጠሎ ሽታው ይሰነፍጣል፤ ውስጡ የብረት ብናኝ ያብለጨልጫል።

«አዲሱ ይኼ ነው?» አልኩ። ባለቤቱ ወደ እኔ አልዞረም። አብሮኝ ለመጣው ታናሽ ወንድሜ «በቤንዚን ታጥቧል፣ ከአዲስ አይለይም፤ ለእኅትህ አስረዳት» አለው። ወንድሜ መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም! ልጆቹ ሳቁ። ሰውየው ሻይ አዘዘ፤ ለወንድሜ።

ቶርክ ኮንቨርተር ዙሪያውን የተበየደ ነው። የጠላ እንስራ እንኳ እጅ ይገባበታል፤ እዚህ ግን አይገባም። ውስጡ የፓምፑና የተርባይኑ ክንፎች፣ በመካከላቸው የዘይቱን አቅጣጫ የሚመልሰው ስቴተር፣ እንዲሁም ፍጥነት ሲጨምር ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያቆራኘው ፍሪሲዮን አሉ። ካምቢዮ ሲቃጠል ብናኙ ከዘይቱ ጋር ገብቶ በክንፎቹ መካከል ይቀራል። በአንገቱ ቤንዚን ጨምሮ መነቅነቅ አያወጣውም፤ መኪናው ሲነሣ ግን ራሱ ወጥቶ የታደሰውን ካምቢዮ ቀዳዳዎች ይደፍናል። መጽዳት ካለበት በቶርኖ ተቆርጦ ይከፈታል፣ ይታጠባል፣ ፍሪሲዮኑ ይቀየራል፣ ተበይዶም ሚዛኑ ይስተካከላል። ካምቢዮው የተከፈተው ዘይት ለሚያፈስ የማሸጊያ ጎማ (ሲል) ብቻ ከሆነና ዘይቱ ንጹሕ ከሆነ አሮጌውን መመለስ ይቻላል። የእኔ ግን የነደደ ነበር፤ ይህንንም ከእኔ በላይ ያውቃሉ።

አሮጌውን ዕቃ በእጃችሁ ሳትረከቡ አትክፈሉ። የዘይት ማቀዝቀዣው መስመር መታጠቡንም ጠይቁ።

ገንዘቤን ስጠይቅ «ቅዳሜ እንነጋገር» ተባልኩ። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለምገዛው ዕቃ ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠኛል። ደረሰኙና ፎቶው እጄ ላይ ናቸው፤ ቅዳሜን ሳልጠብቅ አቤቱታዬን አስገባለሁ።