የጎማ ጩኸት ላስቸገራችሁ፦ ላንቻ ያለው ጋራዥ

መኪናችሁ ከጎማ አካባቢ ግርርር ማለት ከጀመረች፣ ምንም ነገር ከማስፈታታችሁ በፊት ላንቻ ያለውን ጋራዥ ሞክሩት። ታፔላ የለውም። ከመስቀል አደባባይ ወደ ጎተራ ስትወርዱ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ ከቶርኖ ቤቱ ጎን ያለው የቆርቆሮ አጥር ነው። ሹፌሮች «ቶርኖ ቤቱ ጋ» ነው የሚሉት።

የኔ መኪና ቪትዝ ናት፤ እ.ኤ.አ. የ2007 ሥሪት። የታክሲ ሥራ ስለምሠራባት ከጠዋት እስከ ማታ መንገድ ላይ ነን። ድምፁ የጀመረው ክረምቱ ሲወጣ ነው። 40 ስደርስ ይነሳል፤ 60 ላይ ከኋላ የተቀመጠ ደንበኛ ስልክ ማውራት ያቅተዋል። ፍሬን ብይዝም ባልይዝም ያው ነው።

መጀመሪያ ሰፈሬ ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። ገና ሞተር ሳላጠፋ «ሲቪ ጆይንት ነው፤ ሁለቱም ይቀየር» ተባልኩ። መኪናዋ ውስጥ የገባ የለም፣ ጎማ ያነሳ የለም። ሲቪ ጆይንት፣ የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ መጋጠሚያ፣ እኮ ሲበላሽ የራሱ ጠባይ አለው። መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዘህ ቀስ ብለህ ስትዞር ቀጭ ቀጭ ይላል። የኔ ግን ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ነው የሚጮኸው። ይህን ብነግራቸውም የሚሰማኝ አጣሁ። ይዣት ወጣሁ።

ላንቻ ያሉት ዋና መካኒክ በዕድሜ ገፋ ያሉ ናቸው። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር መጠየቅ ነው። መቼ ይጮኻል? ፍሬን ስትይዝስ? ስትዞርስ? ጎርፍ ውስጥ ገብተህ ነበር? ከዚያ ጎንበስ ብለው አራቱንም ጎማ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ጎማ ተዛብቶ ሲበላ ጥርሱ ከፍ ዝቅ ይልና ልክ እንደ ተበላሸ ኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት) ይጮኻል። ብዙ ሰው በዚህ ተሸውዶ ደህና ኩሽኔታ ያስቀይራል። የኔ ጎማዎች ደህና ነበሩ።

ቀጥሎ ቁልፉን ተቀብለው ወደ ጎተራ ማሳለጫ ወጣን። እሳቸው ይነዳሉ፣ ረዳታቸው ከኋላ፣ እኔ ከጎናቸው።

«ልጄ፣ ሬዲዮውን ዝጋው። መስኮቱንም።»

ዘጋሁ። ፍጥነት ጨመሩና 60 ላይ ሲደርሱ ፎሌ አደረጓት፤ ማርሹን አወጡት ማለት ነው። ሞተሩ ዝም አለ፤ ግርርርታው ግን እንዳለ ነው። ሞተሩና ፍሪሲዮኑ በዚህች ብቻ ከጥርጣሬ ወጡ። ከዚያ መንገዱ ነፃ ሲሆን መሪውን ለስለስ አድርገው ወደ ግራ አዘነበሉ። ድምፁ ከፍ አለ። ወደ ቀኝ ሲያዘነብሉ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

«ጋሼ፣ ምንድነው?» አልኳቸው።

«ቆይ፣ ገና ነኝ።»

ደጋገሙት። ኋላ ላይ እንዳስረዱኝ፣ መኪና ወደ ግራ ሲዞር ክብደቱ ቀኝ ጎማ ላይ ይወድቃል። የታመመው ኩሽኔታ ሸክም ሲበዛበት ይጮኻል፤ ሲቀልለት ዝም ይላል። ስለዚህ ወደ ግራ ስንዞር ከጮኸ ጥርጣሬው ቀኙ ላይ ነው። የፊቱ ይሁን የኋላው ግን በጆሮ አይለይም። ድምፅ በአካሉ ውስጥ ይዞራል፤ ከኋላ የመጣ መስሎህ ከፊት ይሆናል።

ለዚህ ነው ጎማ የሚያነሱት። ክሪክ ብቻ አያምኑም፤ ከሥር የብረት ማቆሚያ ካልገባ ማንም እጁን አያስገባም። ጎማውን ከላይና ከታች ይዘው ነቀነቁት። ብዙም አይላወስም። እኔ «እንግዲህ አይደለም» ልል ስል፣ አንድ እጃቸውን ከጎማው ጀርባ ያለው ሞላ (ስፕሪንግ) ላይ አሳርፈው በሌላው ጎማውን አሽከረከሩት። «ና፣ እጅህን እዚህ አድርግ» አሉኝ። ቀኝ የፊት ጎማ ሲዞር ሞላው መዳፌ ውስጥ ነዘረኝ። ግራውን ስናሽከረክር ሞላው ጭራሽ አልተንቀሳቀሰም። ጆሮ የሚጠራጠረውን ነገር እጅ እንዲህ ቁርጥ አድርጎ ይነግራል።

ከዚያም ጎማውን አውልቀው የፍሬን ሸራውን ውፍረት አዩ፤ ከዲስኩ ጀርባ ያለውን ስስ ቆርቆሮም ፈተሹ። ያ ቆርቆሮ ትንሽ ከታጠፈ ወይም ጠጠር ከያዘ ዲስኩን እየፋቀ ያስጮኻል። የኮብልስቶን ሰፈር ሰዎች ይህቺን ልብ በሉ፤ በጣት አቅንተህ የምትገላገለው ነገር ነው።

ለምርመራው 600 ብር ከፈልኩ። «ገና ምንም ሳይሠራ ለማየት ብቻ?» የሚል ደንበኛ እዚያው ሲከራከር ሰምቻለሁ። እኔ አልከራከርም። ሁለት ደህና ሲቪ ጆይንት ከመቀየር አትርፎኛል። ደግሞ ሥራውን እዚያው ካሠራህ 600ው ይታሰብልሃል።

ዕቃ እነሱ አይሸጡም፤ ይህም ደስ ብሎኛል። አሮጌው ከወጣ በኋላ ቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር ጽፈው፣ ራሱን ኩሽኔታውንም በፌስታል አድርገው የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ላኩኝ። «ካርቶኑን አትመን፤ ጎን ለጎን አስተያየው» አሉኝ። ኮዮ ወይም ኤንኤስኬ ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ የጃፓን አይደለም።

ሲገጠም ቆሜ አይቻለሁ። የቪትዝ የፊት ኩሽኔታ በኃይል የሚገባ ነው። በመዶሻ የሚያስገቡ አሉ፤ እንዲያ የገባ ኩሽኔታ ገና ከጅምሩ ይጎዳል። እነዚህ ግን ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ብረት ሙሉ በሙሉ ፈትተው ጎረቤት ቶርኖ ቤት ወስደው በፕሬስ ነው የሚያስገቡት፤ እሱም የውጪው ቀለበት ላይ ብቻ ተጭነው። የዘንጉን ትልቁን ዳዶ በአዲስ ቀይረው በመለኪያ ቁልፍ አጠበቁት። አሮጌውን ኩሽኔታ ከፍተው አሳዩኝ። ግራሶው ውሃ ገብቶበት ቡና ቀለም ሆኗል። ኳሶቹ የሚሄዱበት መንገድ እንደ ፈንጣጣ ፊት ተቦርቡሯል። የክረምቱ ጎርፍ ሥራ ነው። ጎማ እስኪዋጥ ውሃ ውስጥ መግባት እንዲህ ቀስ ብሎ ነው የሚያስከፍለው።

ለእጅ ሥራው 2,500 ብር፣ ዕቃውን ሳይጨምር። አሁን 80 ላይ የምሰማው የንፋስና የአስፋልት ድምፅ ብቻ ነው።

የማይመቹ ነገሮች አሉ። መቀመጫ የለም፤ ፀሐይ ላይ ነው የምትጠብቁት። አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከያ) ማሽን ስለሌላቸው ከዚያ በኋላ ሌላ ቦታ ሄጄ አሠርቻለሁ። ደረሰኝ የሚሰጡት ስትጠይቁ ብቻ ስለሆነ ጠይቁ። ሥራቸውም ቀርፋፋ ነው፤ ሙሉ ቀን ያዙኝ፣ የዚያን ቀን ገቢ ቀረብኝ። ለጥድፊያ የሚሆን ቦታ አይደለም።

ግን ከ2016 ወዲህ የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል። ያለንን አሮጌ መኪና እየጠገንን መቆየት ግድ ነው። የኤሌክትሪክ መኪና የያዙም ሲመጡ አይቻለሁ። ሞተሩ ስለማይጮህ ኩሽኔታ ሲጀምረው ቶሎ ይሰማቸዋል፤ የጎማው ምርመራ ደግሞ ያው ነው።

ስልክ አያነሱም። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ድረሱ፤ 4 ሰዓት ካለፈ ግቢው ይሞላና ለነገ ትባላላችሁ።