«ጋሼ፣ ይሄ አያስፈልግዎትም» ላለኝ ልጅ

እዚህ ገጽ ላይ ወቀሳ ጽፌ አውቃለሁ፣ አልክድም። ምስጋና ግን ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የምስጋናው ተራ ነው። የማመሰግነው ገርጂ ውስጥ ጠባብ ጋራዥ ተከራይቶ መኪና ፖሊሽ የሚያደርግና ሴራሚክ የሚሉትን፣ ቀለሙ ላይ ደርቆ የሚቀር ስስ መከላከያ የሚቀባ አንድ ወጣት ነው። «ስሜን አይጻፉት» ብሎኛል። ዓይን አፋር ነው።

መኪናዬ ጥቁር ራቭ ፎር ናት። ከዱባይ የመጣች፣ የቆዳ ወንበር ያላት። ጥቁር መኪና የያዘ ሰው ችግሬን ያውቀዋል። ጠዋት ታጥባ ከሰዓት አቧራ ትለብሳለች። ፀሐይ ሲያርፍባት ደግሞ በሽቦ የተፈተገች ትመስላለች። ዓምና አንድ ቤት «የአምስት ዓመት ሴራሚክ» ብለው ቀቡልኝ። የቤቱን ስም አልጠራም። በአንድ ሰዓት ተኩል ጨርሰው ቁልፉን ሰጡኝ። ለሦስት ሳምንት ውኃው እንደ ዶቃ እየተንከባለለ ሲወርድ ደስ ብሎኝ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ዶቃውም የለ፣ አምስት ዓመቱም የለ። አሁን ሳስበው የቀቡልኝ የሚረጭ ሰም ነው።

ስለዚህ ወደዚህ ልጅ ስሄድ አንድ እግሬን ወደ ኋላ አድርጌ ነው። ዋጋ ልጠይቀው ስል ቀደመኝ። «ጋሼ፣ መኪናዋ ማታ የት ነው የምታድረው? ቀንስ የት ያቆሟታል? ላቫጆ በሳምንት ስንቴ ይወስዷታል?» ሐኪም ቤት ነው እንዴ የመጣሁት፣ አልኩ በሆዴ። ማታ ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሳ ታድራለች። ቀን ግን መሥሪያ ቤት ያለው ዛፍ ሥር ነው የማቆማት፣ ዛፉ ደግሞ የወፍ ነው። ላቫጆ በሳምንት ሁለቴ።

ከኪሱ ሞባይል የምታክል መሣሪያ አወጣ። የቀለም ውፍረት መለኪያ ናት። ኮፈኑ ላይ ሲያሳርፋት 112 ማይክሮን አለች፤ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ጣሪያው 108። የግራ በሮቹም እዚያው አካባቢ ናቸው። የቀኝ የኋላ በር ላይ ሲደርስ 640። እንደገና ሞከረ፣ 655። ሁለታችንም ዝም አልን።

«ጋሼ፣ ሲገዟት ያልተቀባች ናት ብለውዎት ነበር?»

ብለውኛል። ምለው ጭምር። በሩ ግን ተገጭቶ፣ ስቱኮ ጠጥቶ፣ እንደገና ተቀብቷል። ሦስት ዓመት ሙሉ «ኦርጅናል ቀለም» እያልኩ ለሰው ስናገር ከርሜያለሁ።

ልጁ ይህን የነገረኝ ሊያናድደኝ ብሎ አይደለም። ፖሊሽ ማለት ክሊር የሚሉትን፣ ከቀለሙ በላይ ያለውን ቀለም አልባ ሽፋን በስሱ መሞረድ ነው። ክሊሩ ራሱ በብዙ መኪና ላይ ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው። በእያንዳንዱ ፖሊሽ ከዚያ ላይ ጥቂት ማይክሮን ይነሳል። ሳይለካ ማሽን የሚያስነሳ ሰው አንድ ቀን ክሊሩን በልቶ ቀለሙ ላይ ይደርሳል። እንግዲህ ምክሬን ከዚህ ልጀምር። ሴራሚክ ሊቀባላችሁ ነው እንበል። መለኪያ የሌለው ቤት ከሆነ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ተመለሱ።

እኔ የሄድኩት በውድ ነገር ልቤን አስነስቼ ነበር። ፒፒኤፍ የሚሉትን፣ መላ መኪናዋን የሚያለብሰውን ፊልም ፈልጌ። ልጁ ቁራጩን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ወፍራም ነው፣ ሲጎትቱት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል። ከ150 እስከ 200 ማይክሮን ይሆናል። ጠጠር ሲመታው ይችላል። ሴራሚክ ደርቆ አንድ ወይም ሁለት ማይክሮን ነው፣ ጠጠር አይመልስም። እሱ የሚያግዘው ለፀሐይ፣ ለኬሚካልና ለቆሻሻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ፀሐዩ ለቀለም አይራራም።

«ከከተማ በወር ስንቴ ይወጣሉ?» አለኝ።

«ኧረ በዓመት! ለፋሲካ ደብረ ብርሃን፣ በቃ።»

«ጋሼ፣ ይሄ አያስፈልግዎትም። ደግሞ ያ በር በስቱኮ የተቀባ ነው። አንድ ቀን ፊልሙ ይላጥ ሲባል ቀለሙን ይዞት ሊነሳ ይችላል።»

ሊያገኘው የነበረውን ገንዘብ አስቡት። ፊልሙ ከሴራሚኩ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ልጁ ግን ተወው።

የሴራሚኩ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን 9H ስጠይቀው ሳቀ። ብዙ ቦታ ከአልማዝ ትንሽ ዝቅ ያለ ነገር አስመስለው ይነግሯችኋል። ቁጥሩ የእርሳስ ነው። በጥንካሬ ደረጃ የተሰለፉ እርሳሶች አሉ፣ ከነሱ ጠንካራው 9H ነው። ሽፋኑ በሱ ሲጫር አይቧጨርም ማለት ነው። በቁልፍ ከተጫረ ግን ይጫራል። ሚኒባስ ስፖኪዮ ከመታውም ያው ነው።

ሥራው ሐምሌ ላይ ነበር የተሠራው። የመጀመሪያውን ቀን ግማሹን ተቀምጬ አየሁ። በሁለት ባልዲ አጠባት፣ አንዱ የሳሙና፣ አንዱ ጓንቱን ማለቅለቂያ። ከዚያ እጄን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ኮፈኑን እንድዳስስ አደረገኝ። ታጥቦ የሚያብረቀርቀው ኮፈን በፌስታሉ ሲዳሰስ ብርጭቆ ወረቀት ነው! ከፍሬን የሚወጣው የብረት ብናኝና የመንገዱ ቅጥራን ክሊሩ ላይ ተሰክቶ ነው አሉ። እንደ ሊጥ በሚታሸት ሸክላ እያሸ አነሳው። በኋላ ባትሪ አብርቶ አሳየኝ። መብራቱ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የተጠላለፈ ጭረት ነው። «ይሄ የላቫጆ ሥራ ነው» አለኝ። ጨርቁ መሬት ይወድቃል፣ ይነሳል፣ ኦሞ ይነከራል፣ ተመልሶ ኮፈን ላይ። እኔ ደግሞ ጎበዝ አጣቢዎች እያልኩ ጉርሻ እሰጥ ነበር።

ሴራሚኩን ሲቀባ በትንሽ ስፖንጅ ላይ ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው የሚያፈሰው። አንዴ በቁመት፣ አንዴ በአግድም። ትንሽ ሲቆይ ዘይት የፈሰሰበት የዝናብ ውኃ ላይ እንደሚታየው የቀስተ ደመና ቀለም ይወጣል። ያን ጊዜ በማይክሮፋይበር ይጠርገዋል። ፈጥኖ ቢጠርገው አይዝም፣ ቢዘገይ ደርቆ እድፍ ይሆናል። ጣሪያው ላይ አንድ ቦታ አምልጦት ማታ በባትሪ አገኘው። እኔ በጭራሽ አላየሁትም። ያንን ቦታ ደግሞ ፖሊሽ አድርጎ እንደገና ቀባው።

አሁን ወደ ወንበሩ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሸወደው፣ እኔም ጭምር። ቆዳውን «እናለስልሰው» እያሉ ቅባት ይቀቡታል። ልጁ ጥግ ላይ አንድ ጠብታ ውኃ አስቀመጠ። ጠብታዋ አልሰረገችም። «አዩ፣ ቆዳው ፋብሪካ ውስጥ ቀለምና ሽፋን ለብሷል። ቅባቱ የት ይገባል? ከላይ ተቀምጦ አቧራ ይሰበስባል እንጂ።» እንዲህ ያለ ቆዳ የሚፈልገው በለሰለሰ ብሩሽና በቀላል የቆዳ ማጽጃ መጽዳት ነው። ሲጸዳ ከሹፌሩ ወንበር የወጣውን ጥቁር አረፋ ብታዩት ታፍራላችሁ። ለካ ወንበሬ ግራጫ አልነበረም፣ ክሬም ነው።

ከጸዳ በኋላ ለቆዳ የሚሆን መከላከያ ሽፋን የቀባልኝ መቀመጫዎቹና መደገፊያዎቹ ላይ ብቻ ነው። የወንበሮቹ ጎንና ጀርባ ቆዳ መሳይ ፕላስቲክ ነው፣ «እዚያ ገንዘብዎን አያፍስሱ» አለኝ። ሽፋኑ ወንበሩን አያንጸባርቅም፣ አያንሸራትትም። የሚያንጸባርቅ ከሆነ ሲሊኮን ነው ብላችሁ ጠርጥሩ።

አንድ የቸገረኝ ነገር ነበር። እሑድ እሑድ እማዬን ቤተ ክርስቲያን አደርሳለሁ። እማዬ ቅቤ ትቀባለች። የፊት ወንበሩ የራስ መደገፊያ ላይ የቅቤዋ ክብ ታትሞ ነበር። ሰማንያ ዓመት የሞላትን ሴት ቅቤ አትቀቢ ይባላል? ልጁ አጽድቶት ሽፋኑን ሁለቴ ደረበበት። አሁንም ቅቤው ያርፍበታል፣ ግን ሰኞ ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ያልቃል። የልጄ አዲስ ጂንስ የለቀቀው ሰማያዊም እንደዚያው።

ስምንት ወር ሆነኝ። መኪናዋ አትቆሽሽም አልላችሁም። ትቆሽሻለች፣ ግን ጭቃው በውኃ ብቻ አብዛኛው ይለቃል። የወፏን ነገር አሁንም ሳይደርቅ ማንሳት አለብኝ፣ አሲድነት አለው። መገናኛ ላይ አንድ ሚኒባስ ፓራውልቴን ጭሮልኛል፣ ሴራሚኩ ምንም አላደረገለትም። ላቫጆ መሄድ ትቻለሁ፣ ባልዲም ሁለት ገዝቻለሁ።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። ቀርፋፋ ነው። ሁለት ቀን ብሎኝ አራት ቀን ያዛት። ሽፋኑ የመጀመሪያውን አንድ ቀን ውኃ እንዲነካው አይፈለግም፣ ሳሙና ደግሞ ለሳምንት ያህል። ውጭ ሐምሌ ያወርደዋል። «ዝናብ ካለ አላስወጣትም» ብሎ ድርቅ አለ። በታክሲ እየተመላለስኩ በሆዴ ረግሜዋለሁ። ስልክም ቶሎ አያነሳም፣ እጁ ሥራ ላይ ነው።

ቁጥሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሰጣችኋለሁ። አንድ መኪና ብቻ ነው የሚያስገባው፣ ስለዚህ ቀደም ብላችሁ ተቀጠሩ። ስትሄዱ መኪናችሁን አጥባችሁ አትውሰዱ፣ ቆሻሻዋን ማየት ይፈልጋል። ያልተቀባች መኪና ገዝቻለሁ የምትሉ ደግሞ፣ መለኪያዋን ሲያወጣ ልባችሁን አዘጋጁ።