አባታችንን ላረጋጋችልን ሲስተር ምስጋና፣ ለባሕር ዳር ሰውም ጥቆማ

ባሕር ዳር ያላችሁ፣ የመርሳት ችግር ያለባቸውን አባት ወይም እናት የምታስታምሙ፣ ይህችን ነገር አንብቡልኝ። በተለይ ደግሞ መሳደብና እጅ መሰንዘር የጀመሩባችሁ ካሉ።

አባባ የጨርቃ ጨርቅ ጡረተኛ ናቸው። ያው በጣሊያን የጦር ካሳ የተሠራው የእኛው ፋብሪካ። ጉልበታቸውን እዚያ ነው የጨረሱት። መርሳቱን ሐኪም ከነገረን ቆይቷል፤ ለምደነው ነበር። ያልለመድነው ዱላውን ነው። ክረምት ላይ በጥቂት ቀን ውስጥ ሌላ ሰው ሆኑብን። ክፉ ቃል ከአፋቸው ወጥቶ የማያውቅ ሰው እማዬን “ሌባ” እያሉ ከዘራ ያነሱባት ጀመር። እማዬ የበለዘ ክንዷን በነጠላ ሸፍና “ወድቄ ነው” ትለናለች። ጎረቤት መቼም ምክር አያልቅበትም። አንዱ የሰው ዓይን ነው አለ። አንዱ ዳያዚፓም ስጧቸውና ይተኙ አለ።

ሲስተርን ያገናኘችን የአክስቴ ልጅ ናት። ከሥራ ሰዓቷ ውጭ ሽምብጥ፣ ዓባይ ማዶ፣ ቀበሌ 14 እየዞረች አረጋውያንን ቤታቸው ድረስ ሄዳ ታያለች። የመጣች ዕለት ጋወን አልለበሰችም። በርጩማ ስባ ፊት ለፊታቸው፣ ከዘራው ከማይደርስበት ቦታ፣ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። “አባባ፣ እንዴት ዋሉ?” ብላ መልስ እስኪሰጡ ዝም አለች። የእኛ ቤት ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የሚያወራው፤ እሷ አንድ ሰው ብቻ ይናገር አለች።

ከዚያ እኛን መጠየቅ ጀመረች። ሽንት ሲሸኑ ያቃጥላቸዋል? ሆድ ድርቀት አለ? ጥርሳቸውስ? ጆሯቸው ይሰማል? አዲስ የጀመሩት መድኃኒት አለ? የሚያማቸውን መናገር ሲያቅታቸው ነው እጃቸው የሚሰነዘረው አለችን። ለውጡ ድንገተኛ ስለሆነ በዚያው ቀን ሽንታቸው እንዲመረመር ላከችን። ኢንፌክሽን ተገኘ። ትኩሳት እንኳ አልነበራቸውም፤ አረጋውያን ላይ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው አሉን። ሐኪሙ ያዘዘላቸውን መድኃኒት ሲጨርሱ የባሰው ነገር በረደ። መርሳቱ አልለቀቃቸውም፤ እሱ አብሯቸው ይኖራል። ስለ ዳያዚፓሙም ሐኪም ሳያዝ እንዳትሞክሩት አለች። ሽማግሌን ይበልጥ ያወናብዳል፣ ይጥላልም። በዚህ ዕድሜ የዳሌ ስብራት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ገላ ማጠቡ ግን ሌላ ጦርነት ነበር። ሁለት ወንዶች ይዘዋቸው፣ እሳቸው እየጮኹ፣ ሰፈሩ እየሰማ። ሲስተር ሁሉንም ሰው ከክፍሉ አስወጣች። ውኃ ለብ አደረገች። ጋቢያቸውን ሳታወልቅ ሳፋውን እግራቸው ሥር አስቀምጣ “አባባ፣ እግርዎን ልጠብዎት?” አለቻቸው። እንግዲህ ጎጃሜ ሽማግሌ እግሩን ልጠብ ያለችውን ልጅ ምን ይላታል? እግራቸውን ዘረጉላት። ጣታቸውን አንድ በአንድ፣ ቀስ እያለች፣ ምን ልታደርግ እንደሆነ አስቀድማ እየነገረች። ምርቃቱ ወረደ፤ “እደጊ፣ ተመንደጊ፣ ወልደሽ ሳሚ” እያሉ። እሳቸው ሲመርቁ እሷ ጉልበት ደረሰች። የታጠበውን እያደረቀችና በጋቢው መልሳ እየሸፈነች ወደ ላይ ሄደች። ጭንቅላታቸውን በዚያ ቀን አልነካችውም፤ ፊት ላይ ውኃ ሲወርድ ነው አብዛኞቹ የሚደነግጡት ትላለች። ጸበሉንም ተዉ አላለችንም። ከኋላ አታፍስሱባቸው፣ በኩባያ ስጧቸውና ራሳቸው ይጠጡት ነው ያለችው። እማዬ ልቧን የሰጠቻት ያኔ ይመስለኛል።

ሌላው ማታ ነው። አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ “ፈረቃዬ ደረሰ” ብለው ይነሳሉ። በር ከዘጋንባቸው ጠብ ነው። የመርሳት ችግር ያለበት ሰው ሲመሽ እንደሚረበሽ የነገረችን እሷ ናት። መብራት ሳይጨልም ይበራ፣ ቴሌቪዥኑ ይዘጋ፣ ከሰዓት በኋላ ቡናው ይቅር። እምቢ ብለው ከወጡ ደግሞ አብራችሁ ውጡ። እሷ ራሷ አንድ ማታ እስከ ግቢው በር ሸኘቻቸው። “አባባ፣ ፈትል ላይ ነበሩ ወይስ ሽመና?” አለቻቸው። ስለ ማሽኑ ሲያወሩ ሲያወሩ ደከማቸውና ሻይ ጠጥተው ተኙ። “ጡረታ ወጥተዋል እኮ” እያሉ መከራከር ትርፉ ከዘራ ነው።

ለእማዬም አንድ ነገር አስተምራታለች። ሲቆጡ ከዘራውን አትንጠቂያቸው፣ ወደ ኋላ ሸሽተሽ በር በር በኩል ቁሚ፣ ፍም ያለበትን ምድጃና ቢላውን ቀድመሽ አንሺ። “እርስዎም ሰው ነዎት፣ ይረፉ” ብላ በሳምንት አንድ ቀን እህቴ እንድትተካት ያደረገችውም ሲስተር ናት። ለአስታማሚ የሚያስብ ሰው ስንቱ ነው?

ጉድለቷንም ልንገራችሁ። ቀጠሮ ላይ ትዘገያለች። ተረኛ ስትሆን ስልክ አታነሳም፤ መልእክት ብትጽፉላት ይሻላል። ክፍያዋ ለእኛ አልከበደንም፤ የእናንተን ከእሷው ጋር ተነጋገሩ። ቤታችሁ ያሉት አረጋዊ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ድንገት ከተለወጡ ግን እሷን አትጠብቁ፣ በቀጥታ ሐኪም ቤት ውሰዷቸው።

ሲስተርዬ፣ እጅሽ ይባረክ። ስሟንና ስልኳን እዚህ እንዳልለጥፍ ስለነገረችኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ውሻ ያላችሁ እሰሩላት፣ በጣም ትፈራለች።