ሃይማኖትን በይዘቱ ወይስ በሚሠራው ሥራ እንበይነው?

ባሕር ዳር አካባቢ የመስክ ጥናት የሚጀምር ተማሪ መጠይቁን ከማርቀቁ በፊት ብያኔውን መቁረጥ አለበት።

በይዘት፦ እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኤድዋርድ ታይለር በ1871 እ.ኤ.አ. ሃይማኖትን በመንፈሳዊ ህላዌዎች ማመን ብሎ በየነው።
በተግባር (በሚሠራው ሥራ)፦ ፈረንሳዊው ሶሺዮሎጂስት ኤሚል ዱርካይም በ1912 ከቅዱስ ነገሮች ጋር የተያያዙ፣ ተከታዮቻቸውን በአንድ ማኅበር የሚያስተሳስሩ እምነቶችና ሥርዓቶች ብሎ በየነው። እንደ እውነቱ «ቅዱስ» ሲል ይዘትም ቀላቅሏል።

ቅለት፦ የመጀመሪያው በአጭር ቃለ መጠይቅ ይያዛል፤ ሁለተኛው ጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ እየተገኙ መመልከትን ስለሚጠይቅ ጊዜ ይበላል።

ልዩነቱ ጣና ሐይቅ ዳር ባለው ዘጌ ላይ ይጎላል። በባሕረ ገብ መሬቱ በበሬ ማረስ በልማድ ክልክል ነው። የይዘቱ ብያኔ «ማን ከለከለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ አንድ ቅዱስ ከእግዚአብሔር የተቀበለው ቃል ኪዳን ከሆነ ይመዘግበዋል፣ «የአባቶች ልማድ ነው» ከተባለ ግን ይጥለዋል። የተግባሩ ብያኔ ክልከላው መነኩሴውንና ቡና ለቃሚውን እንዴት እንዳስተሳሰረ ያያል።

ስጋት፦ ታይለርን የያዘ፣ አምላክ ማዕከሉ ያልሆነውን ቡድሂዝም ለማካተት ይቸገራል (ዱርካይም የተቸውም በዚሁ ነው)። ተግባርን ብቻ የያዘ ደግሞ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብረው የሚቀብሩበትን የሰፈር እድር ሃይማኖት ሊያደርገው ነው! ይህኛው ስሕተት ይከፋል፤ የጥናቱ ወሰን ይጠፋል።

የእምነት ዓይነቶችን ለመቁጠር የይዘቱ ይሻላል። የጥምቀት በዓል ሰፈርን እንዴት እንደሚያሰባስብ ለማጥናት የተግባሩ፤ ያኔም እድሩ ለምን ከጥናቱ ውጭ እንደሆነ በመግቢያው ይጻፍ።